የጃፓን ሳኬ፤ አቀራረቡ፣ አቀማመሱና ከምግብ ጋር ያለው ስምምነት

እንግዳ ተቀብሎ ማስተናገድ በሕዝብ ሁሉ ዘንድ የተከበረ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ሕዝብ ለክብር ብሎ የሚያደርገው ነገር በሌላው ዘንድ ስሕተት ሆኖ ይገኛል። በዛሬው ዓምዳችን ሳኬ ስለሚባለው የጃፓን መጠጥ ለመጻፍ የተነሣነው፣ በዚሁ ጉዳይ በራሳችን ቤት አንድ ስሕተት ስለ ደረሰ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ባማረ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጠርሙስ ሳኬ በገጸ በረከት ሰጡን። እኛም ስጦታውን ስላከበርነው በመስኮት አጠገብ ባለው ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የመጣው እንግዳ ሁሉ እንዲያየው አድርገን አስቀመጥነው። በዚያም አንድ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ቆየ። በኋላም መሐንዲሱን ለእራት በጠራናቸው ቀን፣ «ሳኬ ሁልጊዜ በትኩሱ የሚጠጣ ነው» ሲባል ሰምተን ስለ ነበር፣ በማንቆርቆሪያ አድርገን እሳት ላይ ጥደን አፈላነው፤ ከዶሮ ወጥ ጋርም አቀረብነው። እንግዳችን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ተቀብለውና አመስግነው ጠጡ። በፊታቸውም ላይ ቅር የመሰኘት ምልክት ፈጽሞ አልታየም።

ስሕተታችንን ያወቅነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እኚሁ ሰው በተራቸው ጋብዘውን፣ ያንኑ ዐይነት ሳኬ ቀዝቀዝ አድርገው በቀጭን ብርጭቆ ቀዱልን። ገና ወደ አፍንጫችን ስናስጠጋው የበሰለ ፖምና የሙዝ መዓዛ ሸተተን። በእኛ ቤት የቀረበው ግን የተቃጠለ ስኳር የሚሸት፣ ጉሮሮ የሚፍቅ ነገር ነበር። እርሳቸው ስላለፈው ነገር አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም፤ እኛ ግን አፈርን። ከዚያ ወዲህ ጠይቀን የተረዳነውንና አንብበን ያገኘነውን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሳኬ ምንድን ነው?

በጃፓንኛ «ሳኬ» ማለት የሚያሰክር መጠጥ ሁሉ ማለት ነው፤ ቢራም ሆነ የወይን ጠጅ በዚሁ ስም ሊጠራ ይችላል። እኛ ሳኬ የምንለውን መጠጥ ጃፓኖች ከሌላው ለይተው ሲጠሩት «ኒሆንሹ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የጃፓን መጠጥ ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ሳኬን «የሩዝ አረቄ» ወይም «የሩዝ ወይን ጠጅ» ይሉታል፤ ሁለቱም ስያሜዎች ልክ አይደሉም። አረቄ በእሳት ኀይል ተንኖ፣ ጠብ ጠብ ብሎ የሚወጣ መጠጥ ነው፤ ሳኬ ግን ተጠምቆና ተጠልሎ የሚገኝ ነው። በወይን ፍሬና በማር ውስጥ ደግሞ ስኳሩ አስቀድሞ አለ፤ እርሾ ብቻ ሲያገኝ ይፈላል። ሩዝ ግን እንደ ገብስ ሁሉ እህል ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ ወደ ስኳር መለወጥ አለበት። ስለዚህ ሳኬ በአሠራሩ ከጠጅ ይልቅ ለጠላና ለቢራ ይቀርባል።

የጠላ ጠማቂ እህሉን ወደ ስኳር የምትለውጠው በብቅል ነው፤ ብቅል ማለት ርሶ የበቀለና የደረቀ እህል ነው። ጃፓኖች ግን በብቅል ፈንታ «ኮጂ» የሚሉትን ነገር ይጠቀማሉ። በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ አንድ የታወቀ ጠቃሚ የሻጋታ ዘር ይነሰንሳሉ፤ በሞቀ ክፍል ውስጥም ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ ሻጋታው ሩዙን እንደ ነጭ ጥጥ ያለብሰዋል። ከዚህ በኋላ ኮጂው፣ የበሰለው ሩዝ፣ ውሃውና እርሾው በአንድ ጋን ይደባለቃሉ። በዚያም ኮጂው ሩዙን ወደ ስኳር ሲለውጥ፣ እርሾው ደግሞ በዚያው ጊዜ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ሁለቱ ሥራዎች ባንድነት ስለሚካሄዱ የድፍድፉ አልኮል ከመቶ 20 እጅ እስከ መድረስ ይጠነክራል። በጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ ይጨመርበትና ከመቶ 15 ወይም 16 እጅ ይሆናል። ይህም ከተለመደው ቢራ ሦስት ጊዜ ያህል የበለጠ ነውና፣ በትንሽ ጽዋ መቅረቡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥራው በልማድ የሚከናወነው በክረምት ብርድ ነው። የጠማቂዎቹ አለቃ «ቶጂ» ይባላል። አዲስ ሳኬ በተጠለለ ጊዜ ከጥድ መሰል ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራ አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር በመጥመቂያው ቤት ደጃፍ ይሰቀላል፤ ቅጠሉ እየደረቀ ወደ ቡናማነት ሲለወጥም ሳኬው እየበሰለ መሄዱን ያመለክታል። በእኛም ዘንድ የጠላ ቤት ምልክት በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ልማድ እንግዳ አይሆንበትም። በኮጂ ሳኬ የመጥመቅ የቈየ ጥበብ በ2024 ዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

የማዕርግ ልዩነት

በጠርሙሱ ላይ የሚጻፉት ስሞች ለጀማሪ የሚያስቸግሩ ይመስላሉ፤ ምስጢራቸው ግን ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ሩዙ ምን ያህል እንደ ተፈተገ ነው። የሩዝ ፍሬ ውጭኛው ክፍል ቅባትና ፕሮቲን ይበዛበታል፤ እነዚህም ሲበዙ መጠጡን ያከብዱታል፤ መዓዛውንም ይሸፍኑታል። ስለዚህ ጠማቂዎች ሩዙን ፈትገው መካከሉን ያስቀራሉ። ከፍሬው ከመቶ 60 እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀር «ጊንጆ»፣ ከመቶ 50 እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀር «ዳይጊንጆ» ለመባል ይበቃል። እንግዲህ ዳይጊንጆ ሲቀዳልን ከሩዙ ቢያንስ ግማሹ ተፈትጎ የወጣለት መጠጥ መሆኑን እናስብ።

ሁለተኛው ምስጢር አልኮል ተጨምሮበታል ወይስ አልተጨመረበትም የሚለው ነው። «ጁንማይ» የሚል ቃል ያለበት ከሩዝ፣ ከኮጂና ከውሃ ብቻ የተሠራ ነው። ይህ ቃል ከሌለ፣ መዓዛውን ለማጉላትና ጣዕሙን ለማቅለል በሕግ የተወሰነ ጥቂት አልኮል ተጨምሮበታል ማለት ነው። ከዚህ ወገን ከመቶ 70 እጅ ወይም ያነሰ በቀረ ሩዝ የተሠራው «ሆንጆዞ» ይባላል። ልዩ፣ አንደኛና ሁለተኛ እያለ ይመድብ የነበረው የቀድሞው የማዕርግ ሥርዓት በ1992 ፈጽሞ ቀርቷል።

ውሃም ታላቅ ድርሻ አለው። በሂዮጎ አውራጃ የሚገኘው የናዳ ውሃ ማዕድን የበዛበት በመሆኑ እርሾውን ያበረታል፤ ሳኬውም ጠንካራና ደረቅ ይሆናል። በኪዮቶ የሚገኘው የፉሺሚ ውሃ ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ሳኬውም ይለሰልሳል። ስለዚህ ጃፓኖች የናዳውን «የወንድ»፣ የፉሺሚውን «የሴት» ሳኬ ይሉታል። ብረት ያለበት ውሃ ግን ቀለሙንና መዓዛውን ስለሚያበላሽ ጠማቂዎች ሁሉ ይሸሹታል።

ስለ ሙቀቱና ስለ ቅዝቃዜው

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንመለስ። ሳኬ ሁሉ በትኩሱ ይጠጣል ማለት ፍጹም ስሕተት ነው፤ ትኩስ ሳኬ ሁሉ መናኛ ነው ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው። ጃፓኖች ለሙቀቱ ደረጃ ያወጡት ስም ይህን ያስረዳል። በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን «የበረዶ ቅዝቃዜ»፣ በ10 ዲግሪ ያለውን «የአበባ ቅዝቃዜ»፣ በ15 ዲግሪ ያለውን «የነፋሻ ቅዝቃዜ» ይሉታል። በ30 ዲግሪ ያለው «የፀሐይ ጥግ»፣ በ35 ዲግሪ ያለው «የሰው ገላ»፣ በ40 ዲግሪ ያለው «ለብ ያለ»፣ በ50 ዲግሪ ያለው «ትኩስ» ይባላል።

ደንቡም ይህ ነው። መዓዛቸው የፍሬ የሆነው ጊንጆና ዳይጊንጆ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲሆኑ ይመረጣሉ፤ ከዚህ በላይ ሲሞቁ መዓዛቸው ይበተናል፤ እጅግ ሲቀዘቅዙ ደግሞ መዓዛው ይታፈናል። ጁንማይና ሆንጆዞ ግን ለብ ሲሉ የሩዙ ጣዕም ስለሚገለጥ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ይስማማቸዋል።

ሳኬን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አይገባም። አልኮል በ78 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ፣ ማንቆርቆሪያው ሲንፈቀፈቅ አልኮሉም መዓዛውም አብረው ይተናሉ። ትክክለኛው ዘዴ እንዲህ ነው፤ ውሃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፤ ሳኬውን አንገቱ ጠበብ ባለ «ቶኩሪ» በሚባል የሸክላ ዕቃ መቅዳት፤ ዕቃውንም እስከ ትከሻው ድረስ በሙቁ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት። የዕቃው መቀመጫ በእጅ ሲዳሰስ ሞቅ ካለ ደርሷል ማለት ነው።

ሳኬን እንዴት እንቅመስ?

የሳኬ ቀማሾች በውስጡ ሁለት ሰማያዊ ክቦች በተሣሉበት ነጭ ጽዋ ይጠቀማሉ። በነጩ ላይ ቀለሙን፣ በሰማያዊው ክብ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥራቱን ይመረምራሉ። በቤታችን ግን አፉ ጠበብ ያለ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ይበቃናል።

በመጀመሪያ ቀለሙን እናያለን፤ አዲሱ እንደ ውሃ የጠራ ወይም ጥቂት ቢጫነት ያለው ነው፤ ዓመታት የቆየው ግን እንደ ማር ይቀላል። ቀጥለን ሳናወዛውዝ እናሸታለን። በሦስተኛው ትንሽ ጉንጭ ወስደን በምላሳችን ላይ እናንከባልለዋለን፤ በአፍንጫችንም አየር እናስወጣለን። በመጨረሻ ከዋጥነው በኋላ የሚቀረውን ቃና እንጠብቃለን። «ቃና» ማለት መጠጡ ካለፈ በኋላ በአፍ ውስጥ የሚዘገየው ጣዕም ነው። ጃፓኖች ቃናው እንደ ስለት ቁርጥ ብሎ የሚያልፈውን ሳኬ እጅግ ያመሰግናሉ።

በአንዳንድ ጠርሙስ ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ያለው ቍጥር ይገኛል። የመደመር ምልክት ያለው ወደ ደረቅነት፣ የመቀነስ ምልክት ያለው ወደ ጣፋጭነት ያዘነብላል። ሆኖም ኮምጣጣነት የበዛበት ሳኬ ስኳር እያለውም ደረቅ መስሎ ስለሚሰማ፣ ከቍጥሩ ይልቅ ምላስን ማመን ይሻላል።

ከምግብ ጋር ስለ ማስማማት

በ1908 ኢኬዳ ኪኩናኤ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ «ኮምቡ» ከሚባለው የባሕር ቅጠል ውስጥ ከጣፋጩ፣ ከጨዋማው፣ ከኮምጣጣውና ከመራራው የተለየ ጣዕም አገኙ፤ ስሙንም «ኡማሚ» አሉት። ለረጅም ጊዜ የበሰለ የሥጋ መረቅ ያለው ያ አፍ የሚሞላ ጣዕም ነው። ሳኬም ከፕሮቲን መፍረስ በሚገኙት ነገሮች ምክንያት ከዚሁ ጣዕም ድርሻ አለው፤ ስለዚህ ኡማሚ ካላቸው ምግቦች ጋር እንደ ዘመድ ይስማማል። ኮምጣጣነቱ ከወይን ጠጅ ያነሰ በመሆኑም ምግብን አይቃወምም።

የማስማሚያው መሠረት ቀላል ነው፤ ቀላሉን ከቀላሉ፣ ከባዱን ከከባዱ ጋር ማቅረብ። መዓዛማው ዳይጊንጆ ሥጋው ነጭ ከሆነ ጥሬ ዓሣ፣ በእንፋሎት ከበሰለ አትክልትና ጨው ካልበዛበት ምግብ ጋር ይቀርባል፤ ወይም ከምግብ በፊት ብቻውን ይጠጣል። ቀለል ያለው ሆንጆዞ በዘይት ከተጠበሰው «ቴምፑራ» ጋር ሲሆን የዘይቱን ቅባት ከአፍ ያጥባል። ጣዕመ ሙሉው ጁንማይ ለብ ብሎ በእሳት ከተጠበሰ ዶሮ፣ «ሚሶ» በሚባለው የአኩሪ አተር ሊጥ ከተዘጋጀ ዓሣና ከእንጉዳይ ጋር ይስማማል። ዓመታት የቆየው ሳኬ ደግሞ በጣፋጭ ስጎ ከተጠበሰ የእባብ ዓሣ ወይም ከጠነከረ አይብ ጋር መልካም ነው።

ከዚህም የእኛ ዶሮ ወጥና የመሐንዲሱ ዳይጊንጆ ያልተስማሙበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል። ሳኬውን ባናፈላውም እንኳ በርበሬው መዓዛውን ይውጠው ነበር። በራሳችን ማዕድ ደጋግመን እንደ ሞከርነው፣ በርበሬ ያልበዛበት ጥብስ ለብ ካለ ጁንማይ ጋር፣ ጨው የተነሰነሰበት አይብም ቀዝቀዝ ካለ ሆንጆዞ ጋር ይሄዳል። ለዶሮ ወጥ ግን ከገዛ ጠላችን የሚሻል አላገኘንም።

የማዕዱ ሥርዓት

በጃፓን ማዕድ ላይ ማንም ለራሱ አይቀዳም። በእኛ ዘንድ ጉርሻ ለሌላ ሰው እንጂ ለራስ እንደማይባል ሁሉ፣ በእነርሱም ዘንድ ጎን ለጎን የተቀመጡት እርስ በርስ ይቃዳሉ። የሚቀዳው በሁለት እጁ ይዞ ይቀዳል፤ የሚቀዳለትም ጽዋውን ከገበታው አንሥቶ፣ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ከሥር ደግፎ ይቀበላል። ከመቀመጡም በፊት ጥቂት ይጎነጫል። ጽዋዎቹ ሁሉ ሳይሞሉና «ካምፓይ» ሳይባል ቀድሞ መጠጣት ነውር ነው። በሠርጋቸውም ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከሦስት ጽዋዎች ሦስት ሦስት ጊዜ እየተጎነጩ ቃል ኪዳናቸውን ያጸናሉ።

አሁን ሁሉም ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር እንጨምር። ባዶ ጽዋ «ቅዱልኝ» ማለት ነው። ከባልደረቦቻችን አንዱ በአንድ ግብዣ ላይ ጽዋቸው በተሞላ ቍጥር ለአክብሮት ብለው ይጨልጡት ነበር፤ ጋባዦቹም ለአክብሮት ብለው ይሞሉት ነበር። በማግስቱ ጧት ሊገኙበት ይገባ ከነበረው ስብሰባ ቀሩ፤ ጕዳዩም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። መብቃቱን ለማስታወቅ የሚሻ ሰው ጽዋውን ሙሉ አድርጎ ይተወው። ከሳኬው ጎንም ውሃ ማቅረብና መጠጣት የጃፓኖች የራሳቸው ደንብ ነውና፣ ውሃ በመጠየቅ የሚያፍር አይኑር።

ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ ጤናው የማይጠጣ እንግዳም በሻይ ወይም በውሃ ጽዋውን ቢያነሣ አክብሮቱ አይጐድልም። ነገር ግን ሳኬና «ሚሪን» የተባለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ በጃፓን ወጥ ቤት ለምግብ ማጣፈጫ ስለሚገቡ፣ ፈጽሞ የማይቀምስ ሰው ይህን አስቀድሞ ለጋባዡ ቢያስታውቅ ይገባል። «አማዛኬ» የሚባለውም ጣፋጭ መጠጥ ሁለት ዐይነት ነው፤ በኮጂ የተሠራው የማያሰክር ሲሆን፣ ከሳኬ አተላ የተሠራው ግን ጥቂት አልኮል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

ስለ አቀማመጡ

ሳኬ እንደ አንዳንድ የወይን ጠጅ በመቆየት የሚሻሻል አይደለም፤ ለማቆየት ተብሎ ከተሠራው በቀር በአንድ ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል። ጠላቶቹ ብርሃንና ሙቀት ናቸውና በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ፣ ጠርሙሱም ቆሞ ይቀመጥ። ብዙው ሳኬ እንዳይበላሽ በለሆሳስ ይሞቃል። ይህንንም ዘዴ ጃፓኖች ሉዊ ፓስተር በ1822 ከመወለዳቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድመው ያውቁት ነበር። «ናማ» የሚል ቃል ያለበት ግን ያልሞቀ ነውና ዘወትር በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላም መዓዛማውን በሳምንት ውስጥ መጨረስ ይገባል።

በጃፓን አገር ውስጥ የሚጠጣው ሳኬ ከ1973 ወዲህ በብዙ ቀንሷል፤ ብዙ መጥመቂያ ቤቶችም ተዘግተዋል። በአንጻሩ በ2010ዎቹ ዓመታት ወደ ውጭ አገር የሚላከው ሳኬ ጨምሯል። እንግዲህ አንድ ጃፓናዊ ይህን ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤታችን ሲመጣ፣ የአባቶቹን ሙያ ይዞ መምጣቱን መዘንጋት የለብንም።

መሐንዲሱ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት አንድ ሌላ ጠርሙስ ሰጥተውናል። ይህኛው በቁም ሣጥን አልተቀመጠም፤ በሳምንቱ እርሳቸውንና ባለቤታቸውን ጠርተን፣ ቀዝቀዝ አድርገን ቀዳንላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቀመሱና፣ ፈገግ ብለው ጽዋቸውን ባዶ አድርገው ከፊታችን አኖሩት። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ዐውቀን ነበርና ደግመን ቀዳንላቸው።